ደረቅ አገርም የውሃ ባህል አለው፤ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ደረቅ አካባቢዎችና ስለ ውሃ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ሲዘዋወር ሰንብቷል። ወዳጆቼ ልከውልኝ አነበብኩት። ጸሐፊው የባሕር ዳር ሰው ናቸው። ጽሑፋቸው ከቦረናና ከሶማሌ ይጀምርና እኛው ጋ መጥቶ ያበቃል። ስለዚህ መልሱም ከዚሁ ከባሕር ዳር ቢመጣ ጥሩ ነው ብዬ ተነሣሁ።

ላላነበበው ሰው ያሉትን በአጭሩ ላስቀምጥ። አንደኛ፣ የደረቅ አገር ሰው ያለው ጥማት ነው፤ የውሃ ባህል የሚኖረው ግን እንደ ጣና ውሃ በሞላበት ቦታ ነው ይላሉ። ሁለተኛ፣ የጉድጓድ ላይ ዘፈኑም ወረፋውም የድህነት ውጤት ስለሆነ ፓምፕ ሲገባ ይጠፋል፣ መጥፋትም አለበት። ሦስተኛ፣ የሽማግሌዎች ሥርዓት ግጭትን ያባብሳል። አራተኛ፣ በነጻ የሚገኝ ውሃ ስለሚባክን ቁጠባን የሚያስተምረው ዋጋ ብቻ ነው። አምስተኛ፣ እኛ የጣና ዳር ሰዎች ከእነሱ የምንማረው ነገር የለም።

ጽሑፉ በቅን ልብ የተጻፈ ይመስለኛል። ሰው ውሃ ፍለጋ ሲንከራተት ማየት ጸሐፊውን አንገብግቧቸዋል። እኔንም ያንገበግበኛል። የምንለያየው ከዚያ በኋላ ነው።

ጥማት ብቻ ነው ወይ?

ቦረና እንሂድ። ቱላ የሚባሉት ጥልቅ ጉድጓዶች እዚያ ናቸው። ዋና ዋናዎቹ ዘጠኝ ናቸው ይባላል፤ ዱብሉቅን ብዙ ሰው በስም ያውቀዋል። ጉድጓዶቹ ዓለት እየተፈለፈለ በእጅ የተቆፈሩ ናቸው። አንዳንዶቹ ወደ 30 ሜትር ይጠልቃሉ። ዕድሜያቸው በመቶዎች ዓመታት ይቆጠራል። ወንዶቹ መሰላል ላይ አንዱ ከአንዱ በላይ ይቆማሉ። ኦኮሌ የሚባለውን የቆዳ ባልዲ ከእጅ ወደ እጅ እያቀባበሉ ውሃውን ያወጣሉ። አፉ አጠገብ ገንዳ አለ፤ ከብቱ ከዚያ ይጠጣል።

እስከዚህ ያለውን ጸሐፊውም ጠቅሰውታል። የዘለሉት ከዚህ በኋላ ያለውን ነው። ጉድጓዱ የጎሳ ነው። መጀመሪያ ቆፍሮ ያወጣው ሰው ክብር ለዘሩ ይተላለፋል፤ ባለማዕረጉ አባ ኮንፊ ይባላል። አባ ኮንፊ ግን ውሃውን አይሸጥም። የየቀኑን ተራ የሚያወጣውም እሱ አይደለም። ለዚህ አባ ሄሬጋ የሚባል ሌላ ሰው አለ። የማን ከብት ዛሬ እንደሚጠጣ፣ የማን ነገ፣ የማን ከነገ ወዲያ የሚያውቀው እሱ ነው። በበጋ ከብት በየቀኑ አይጠጣም፤ ቀን ጠብቆ፣ ብዙ ጊዜ በሦስተኛው ቀን ይመጣል። ተራ የጣሰና ለሥራው ጉልበት ያላዋጣ ሰው ጉዳዩ በጉድጓዱ ሸንጎ ይታያል፣ ይቀጣል። ለሰው መጠጫ ግን ውሃ አይከለከልም።

ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ጉድጓዱ ይዘጋል። ከብቱ ኩሬ ላይ ይጠጣል። ጉድጓዱ ያርፋል፣ በዙሪያው ያለው ሣርም ያርፋል። እኔ ይህን ባሰብኩ ቁጥር እደነቃለሁ። ውሃ ባለበት ከብት ይከማቻል፤ ከብት በተከማቸበት ሣር ያልቃል። ስለዚህ ውሃውን የሚከፍትና የሚዘጋ ሰው ግጦሹንም እያስተዳደረ ነው። በሁለት ቁልፍ የሚሠራ ነገር በአንድ ቁልፍ ይዘውታል።

ጥማት ብቻ ቢሆን ኖሮ የተጠማ ከብት ሁሉ በአንድ ቀን ጉድጓዱን ይወርረው ነበር። ጠንካራው ደካማውን ገፍቶ ይጠጣ ነበር። አንድ አባወራ ከብቶቹ እያጉረመረሙ፣ ውሃው እየታየው፣ ተራዬ ነገ ነው ብሎ የሚቆመው ለምንድን ነው? ከልጅነቱ ጀምሮ ተራ ማለት ምን እንደሆነ ስለተማረ ነው። ይህን ባህል ካላልነው ባህል የምንለው ምኑን ነው?

ቦረና ብቻ አይደለም። አፋር ውስጥ ዳጉ አለ። ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን ይነጋገራሉ። ዝናብ የት ጣለ? ውሃው የት ነው? ሣሩ እንዴት ነው? ሰላም ነው ወይ? ወሬውን መንገር ግዴታ ነው፤ አጥርቶ መንገርም ግዴታ ነው። የተሳሳተ የውሃ ወሬ መንጋ ያስጨርሳልና። ኮንሶ ደግሞ በድንጋይ እርከኑ ይታወቃል። ዩኔስኮ በ2011 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ይኸው 55 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆን መልክዓ ምድር ከ400 ዓመት በላይ የዘለቀ ሥራ ነው። እርከኑ አፈሩን ይይዛል፣ ዝናቡንም ያሰርገዋል። ሃርዳ የሚሏቸውን ኩሬዎች ሕዝቡ በጋራ ይቆፍራል፣ ደለሉንም በጋራ ይጠርጋል።

ጸሐፊው አንድ ከባድ ጥያቄ ጠይቀዋል፤ አልሸሸውም። ሥርዓቱ ይህን ያህል ጥሩ ከሆነ በቅርቡ ድርቅ የቦረና ከብት ለምን አለቀ? ከ2020 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሸፉ። በዓመት ሁለቴ የሚመጣ ዝናብ አምስት ጊዜ ቀረ ማለት ነው። ያንን የሚችል ሥርዓት በየትም አገር ያለ አይመስለኝም። ደግሞም ከብቱን የጨረሰው በአመዛኙ የሣር ማለቅ ነው። ለድርቅ ጊዜ ተጠብቆ የነበረው ግጦሽ በእርሻና በቁጥቋጦ ተይዞ ጠቧል። መሸሻውን ወስደንባቸው ለምን አልሸሻችሁም ብለን መጠየቅ አንችልም።

ፓምፕ ሲገባ

አንድ ነገር ግልጽ ይሁን፤ እኔ የፓምፕ ጠላት አይደለሁም። ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ መሰላል ላይ ቆሞ ቀኑን ሙሉ ባልዲ ማቀባበል ከባድ ነው፣ አደጋም አለው። ያንን የሚያቀልል ነገር ሲመጣ ደስ ይለኛል። የማልስማማው ፓምፕ ይግባ፣ ሥርዓቱ ይውጣ በሚለው ነው።

ፓምፕ ውሃ ያወጣል፤ በቃ ሥራው ይኸው ነው። ማን መጀመሪያ ይጠጣ? ናፍጣውን ማን ይግዛ? ሲበላሽ ማን ያሠራው? ከብት ሲበዛ ማን ይመልሰው? ለእነዚህ መልስ የለውም። አገራችን ውስጥ ተሠርተው፣ ተመርቀው፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ የቆሙ ፓምፖች ሞልተዋል። ብዙዎቹን ያቆማቸው ትንሽ ብልሽት ነው። መለዋወጫ የሚገዛ፣ ገንዘብ የሚሰበስብ፣ ኃላፊነት የተሰጠው ሰው ስለሌለ ቆሙ። ቱላው ደለል ሲሞላ ግን ማን ወርዶ እንደሚጠርግ ይታወቃል።

ከዚህም የባሰ ነገር ታይቷል። ባለፈው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ቦረና ላይ የልማት ፕሮጀክቶች ኩሬና ጉድጓድ ቆፈሩ። ሐሳቡ መልካም ነበር። አንዳንዶቹ የተቆፈሩት ግን ቀድሞ በዝናብ ወቅት ብቻ ይጋጥ በነበረ መሬት ላይ ነው። ውሃ ስለተገኘ ከብቱ ዓመቱን ሙሉ እዚያው ቀረ፤ ሣሩ የሚያርፍበት ጊዜ ጠፋ። የጉድጓዱን መከፈትና መዘጋት ያላየ መሐንዲስ ግጦሹንም አላየውም።

ስለ ዘፈኑም ልበል። ጸሐፊው ጊዜ ማባከን ነው ብለውታል። የጎጃም ሰው ስለሆኑ ደቦን ያውቁታል ብዬ እገምታለሁ። አጨዳ ላይ አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፤ እጅ ሁሉ በአንድ ምት ይሄዳል። የጉድጓዱ ዘፈንም እንደዚያው ነው። ባልዲው የሚሄደው በዜማው ልክ ነው። አንዱ ከዘገየ ቅብብሎሹ ይበጠሳል፣ ውሃው ይደፋል። ዘፈኑ ከሥራው የሚለይ አይደለም።

ሥልጣኔ ሲመጣ ሥርዓቱ ይጠፋል የሚለውን ደግሞ ስፔን ሄደን እንየው። ቫሌንሲያ ከተማ ውስጥ የውሃ ፍርድ ቤት አለ። ሐሙስ ሐሙስ በካቴድራሉ በር ላይ ይቀመጣል። ዳኞቹ በመስኖ ተጠቃሚ ገበሬዎች የተመረጡ ገበሬዎች ናቸው። ክርክሩ በቃል ነው፤ ፍርዱም እዚያው ይሰጣል። ተራ ያልጠበቀ፣ ውሃ ወደ ጎረቤት ማሳ የለቀቀ፣ ቦይ ያልጠረገ ይቀጣል። ብዙ ምዕተ ዓመት ያስቆጠረ ነው። ዩኔስኮም በ2009 እ.ኤ.አ. በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል። ስፔን ፓምፕም፣ ግድብም፣ ዘመናዊ ፍርድ ቤትም አላት። ገበሬዎቹ ግን ያንን ወንበር አላነሡትም።

ስለ ግጭት

እዚህ ላይ ጸሐፊው ግማሽ እውነት አላቸው። በውሃና በግጦሽ ሰው ይጋደላል። ይህን ማስተባበል ለሞቱት ሰዎች ክብር አለመስጠት ነው።

ግን ግጭቱ የሚነሣው የት ነው? ባለቤቱ በታወቀ፣ ተራው በተነገረ ጉድጓድ ላይ ጠብ ሲነሣ የሚዳኝ ሰው አለ። የሚያስፈራው የማን እንደሆነ ያልተወሰነ አዲስ የውሃ ቦታ ነው። ሁለት ጎሳ በሚዋሰኑበት ቦታ ማንንም ሳይጠይቁ ጉድጓድ መቆፈር ክርክር መቆፈር ነው። ውሃው የእናንተ ነው ተብሎ ለአንዱ ሲነገር መሬቱም የእናንተ ነው እንደተባለ ይቆጠራል። እንግዲህ እዚህ ላይ ያባባሰው ሽማግሌ ነው ወይስ ሽማግሌ ሳይጠየቅ የተሠራው ሥራ?

በሌላ ነገር ግን ከጸሐፊው ጋር ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። በእነዚህ ሸንጎዎች ላይ የሴት ድምፅ የለም፣ ካለም ትንሽ ነው። የቤቱን ውሃ በጀርባዋ የምትሸከመው ሴት ናት። ልጅ አዝላ ጀሪካን የምትሸከመው ሴት ናት። ስለ ውሃው የሚወስነው ግን ወንድ ነው። ይህ መለወጥ አለበት። እኛም አገር እንደዚያው መሆኑን ግን አንርሳ። እንስራ ተሸካሚዋ ሴት፣ ስለ ወንዙ ተሰብሳቢው ወንድ ነው።

ዋጋ ብቻውን ያስተምራል?

ይህኛው የጽሑፉ ዋና ነጥብ ይመስለኛል፤ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልመልስ።

ጸሐፊው የደረቅ አገር ሰው ውሃን በነጻ የሚያድል አድርገው አቅርበውታል። እንደዚያ አይደለም። በቱላው ገንዘብ አይከፈልም፤ ጉልበት ግን ይከፈላል። ለቁፋሮው፣ ለጥርጊያው፣ ለመቅዳቱ ሰው ያላዋጣ የሚጠብቀውን አይተናል። ነጻ የሆነ ነገር የለም።

ዋጋንም ደረቅ አገር ከእኛ ቀድሞ ያውቀዋል። ዖማን የሚባለውን የዓረብ አገር ተመልከቱ። እዚያ ፈለጅ የሚባል መስኖ አለ። ውሃውን ከተራራ ሥር በቦይ ይዘው እስከ መንደር ያመጡታል። ዩኔስኮ በ2006 እ.ኤ.አ. አምስቱን ሲመዘግብ ወደ 3,000 የሚሆኑ ፈለጆች እስካሁን እየሠሩ ነው ብሏል። የእያንዳንዱ ገበሬ ድርሻ በጊዜ ይለካል። ቀን በፀሐይ ጥላ፣ ሌሊት በኮከብ ይለኩት ነበር። ከድርሻው የተወሰነው በጨረታ ይሸጣል፤ ገንዘቡም ለፈለጁ ጥገና ይውላል። እና ዋጋ አለ።

ዋጋው የሚመጣው ግን የት ላይ ነው? ውሃው መንደር ሲደርስ መጀመሪያ የሚያልፈው በመጠጫው ቦታ ነው። እዚያ ማንም ይቀዳል፤ እንግዳም ቢሆን። ቀጥሎ መስጊድ ነው፤ ከዚያ መታጠቢያ። ወደ ተምሩና ወደ እርሻው የሚሄደው ከዚያ በኋላ ነው። ሂሳቡ የሚጀምረውም እዚያ ነው። ሰው ሳይጠጣ ጨረታ የለም። በእስልምና ውሃ፣ ግጦሽና እሳት የጋራ ናቸው የሚል ትምህርት አለ፤ አሠራሩ ከዚያ መንፈስ የወጣ ነው።

አሁን ቅደም ተከተሉን ገልብጡት። ሶማሌ ክልል፣ ሐውድ ላይ ወንዝ የለም። ከ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ ቢርካ የሚባል በሲሚንቶ የተለሰነ የውሃ ማጠራቀሚያ ተስፋፋ። የዝናብ ጎርፍ ይገባበታል። ብዙው የግለሰብ ነው፤ በበጋ ውሃው ይሸጣል። ቢርካ ሕይወት አድኗል፤ አከብረዋለሁ። ድርቅ ሲጠና የሚሆነውን ግን ተመልከቱ። ቢርካው ይደርቃል፣ ውሃ በቦቴ ይመጣል፣ ዋጋው ይወጣል። በዚያው ሳምንት የከሳች ላም ዋጋ ይወርዳል። ገበያ ወስዶ የሚገዛለት ያጣል። ውሃ እጅግ በተወደደበት ጊዜ ሰውየው ኪሱ ባዶ ነው። ይህ ሰው ከዋጋው የሚማረው ምን ዓይነት ቁጠባ ነው? ቀድሞውንም የሚያባክነው ጠብታ አልነበረውም።

ሩቅም አንሂድ። ባሕር ዳር ውስጥ ቧንቧ ሲጠፋ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ግቢው ውስጥ ሮቶ የተከለ ሰው ውሃ መጥፋቱን እንኳ ሳያውቅ ያልፋል። መኪናውንም ያጥባል። ጭቃ ቤት ተከራይታ የምትኖረው እናት ግን ጀሪካን ይዛ ትዞራለች። በጀሪካን የምትገዛው ውሃ ደግሞ በቧንቧ ከሚመጣው ይወደዳል። አባካኙን ዋጋው አልነካውም፤ ቆጣቢዋን ቀጣት።

ታሪፍ አያስፈልግም አላልኩም። ብዙ የሚጠቀም ብዙ ይክፈል፣ ሆቴሉም ፋብሪካውም ይክፈል። ግን ዋጋ የሚሠራው መጀመሪያ ጥማት ከገበያ ከወጣ በኋላ ነው። ዖማኖች ይህን ከብዙ ዘመን በፊት አውቀውታል። የቦረና ሰውም ያውቀዋል። የእኛ ገጠርም ያውቀው ነበር፤ በር ላይ ቆሞ ውሃ አጠጡኝ ያለን መንገደኛ ክፈል ያለ ሰው ሰምቼ አላውቅም።

እኛስ?

ወደ መጨረሻው ነጥብ ደረስኩ። እኛ ጣና አለን፣ ዓባይ አለን፣ ከደረቅ አገር ምን እንማራለን ብለዋል ጸሐፊው። እዚህ ከተማ ተወልጄ ያደግኩ ሰው ነኝና ይህን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም።

ጣና ትልቅ ነው። ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጥልቀቱ ግን ትንሽ ነው። ጥልቁ ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው። ከዚህ ሰፊና ጥልቀት የለሽ ውሃ ላይ ፀሐይ በዓመት ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ታተናለች። በሐይቁ ላይ የሚዘንበው ዝናብ ያንን አይተካም። ሐይቁን ሐይቅ ያደረጉት ወንዞቹ ናቸው። ግልገል ዓባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ፤ እነዚህ አራቱ ብቻ ወንዞች ከሚያስገቡት ውሃ ከ90 በመቶ በላይ ያመጣሉ። ወንዞቹ ከቀጠኑ ጣና የራሱ የሆነ ሌላ ምንጭ የለውም።

ዝናባችንም ቢሆን። ባሕር ዳር በዓመት 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ታገኛለች። ብዙ ነው። ግን አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ ያሉትን ወራት አስቡ። የካቲትና መጋቢት ላይ ከከተማው ወጣ ብላችሁ ሜዳውን እዩት፤ አቧራ ነው። ከብቱ ውሃ ፍለጋ ረጅም መንገድ ይሄዳል። እኛ በዓመት ውስጥ ለብዙ ወራት ደረቅ አገር ነን። አጠገባችን ሐይቅ ስላለ አይታየንም እንጂ። ብዙ ሰው ከቧንቧው የሚጠጣው የጣናን ውሃ ይመስለዋል፤ የከተማችን የቧንቧ ውሃ ግን በዋናነት ከምንጭና ከከርሰ ምድር ጉድጓድ ሲመጣ የኖረ ነው። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚለው ተረት ጀሪካን ተሰልፎ ለሚያይ ሰው ተረት አይደለም።

ጸሐፊው የውሃ ባህላችንን ሲዘረዝሩ ገዳማቱን፣ ታንኳውን፣ ጥምቀቱንና ጠበሉን ጠቅሰዋል። እኔም እወዳቸዋለሁ። ዳጋ እስጢፋኖስንና ክብራን ገብርኤልን የከበበው፣ ከኡራ ኪዳነ ምሕረት በታች የሚታየው ውሃ ለእኔ ተራ ውሃ አይደለም። ሰከላ፣ ግሽ ዓባይ ላይ ከምትፈልቀው ምንጭ ጠበል ለመጠጣት ሰው ከሩቅ አገር ይመጣል። በገዳማቱ ደሴቶችና በዘጌ የቀረው ደን የቆየው በቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር ነው፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ውሃን ማክበርና ውሃን መምራት ግን ሁለት ነገር ነው። አክብረነዋል፤ በደንብ አልመራነውም። ማስረጃው ብዙ ነው። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ቦታ፣ ጨረጨራ ላይ፣ የውሃውን መጠን የሚቆጣጠር ግድብ ተሠራ። በ2003 እ.ኤ.አ. ዝናብ አንሶ ውሃውም ለኃይል ማመንጫ ሲለቀቅ ሐይቁ በጣም ወረደ፤ ጀልባና መርከብ ተቸገረ። ውሃው የሸሸበትን ዳርቻ ሰው ወዲያው አረሰው። ደንገሉ ተጨፈጨፈ። ጢስ ዓባይ ፏፏቴም የቀድሞ ግርማው የሚታየው አልፎ አልፎ ሆነ። መብራት ያስፈልገናል፤ አልቃወምም። ግን ያኔ ሐይቁ ስንት፣ ወንዙ ስንት፣ ተርባይኑ ስንት ይድረሰው ብሎ ከዓሣ አጥማጁና ከገበሬው ጋር የተቀመጠ ሸንጎ ነበር? እንዲህ ያለ ተራ አውጪ ቦረና ውስጥ ለአንድ ጉድጓድ አለ፤ እኛ ለአንድ ሐይቅ አልነበረንም።

ደንገሉ ሲጨፈጨፍ የተጎዳው ማን ነው? የነገደ ወይጦ ሰዎች ናቸው። ታንኳውን ከደንገል ሠርተው ሐይቁን ሲያቋርጡ የኖሩት እነሱ ናቸው። ነፋሱ መቼ እንደሚነሣ፣ ዓሣው የት እንደሚራባ ከማንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። እኛ ደግሞ ለዘመናት ንቀናቸው ኖረናል። አጠገባቸው መብላት የሚጸየፍ ሰው ነበር፤ አሁንም አለ። ታንኳውን ፎቶ እያነሣን ባለታንኳውን ከስብሰባ እናስቀራለን። ጸሐፊው ታንኳን የባህላችን ምልክት ብለው ሲጽፉ እነዚህን ሰዎች በአንድ መስመር እንኳ አለማንሣታቸው አሳዝኖኛል።

ከዚያ እምቦጭ የሚባለው የውሃ አረም መጣ። በ2011 እ.ኤ.አ. ሐይቁ ላይ መታየቱ ተነገረ፤ በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ ተስፋፋ። የደምቢያ፣ የሊቦ ከምከምና የፎገራ ገበሬ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቀለው። በሺዎች የሚቆጠር ሰው ወጣ። ያ ዘመቻ ልብ የሚነካ ነበር። ግን አረሙ የሚደልበው ወንዞቹ ከእርሻና ከከተማ በሚያመጡት ደለል፣ ማዳበሪያና ቆሻሻ ነው። ከታች ስንነቅል ከላይ እየመገብነው ነው። ከላይ ያለውን ሰው ከታች ካለው ጋር በአንድ ወንበር የሚያስቀምጥ ነገር እስኪኖረን ድረስ ስንነቅል እንኖራለን።

ይህ ወንበር ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ጸሐፊው የረሱት ትልቁ ነገር ይኸው ነው። ባህላዊ መስኖ ባለበት ገጠራችን የውሃ አባት አለ። ገበሬዎቹ ራሳቸው ይመርጡታል። ቦይ የሚጠረግበትን ቀን ይቆርጣል። የቀንና የሌሊት ተራ ያወጣል። በሌሊት የሰው ተራ ሰብሮ ወደ ማሳው የቀለበሰውን ይቀጣል። የጎጃም የውሃ አባትና የቦረና አባ ሄሬጋ ቢገናኙ ቋንቋቸው ይለያያል እንጂ በሥራቸው ወዲያው ይግባባሉ። ከደረቅ አገር የምንማረው የሌለን ነገር አይደለም፤ እኛ ዘንድ እየደከመ፣ እነሱ ዘንድ ግን አጥንት ሆኖ የቀረውን ነገር ነው።

ለምን እንደሚያስፈልገን ጉማራና ርብ ዳር ሄዶ ማየት ይበቃል። የፎገራ ገበሬ በክረምት ሩዝ ያመርታል። በበጋ ሽንኩርትና አትክልት ይተክላል፤ ሞተር ከወንዙ ውሃ ይስባል። ይህ ኑሮውን ለውጦለታል፤ እሰየው። ግን ሞተሩ በየዓመቱ ይጨምራል። መጋቢት ሲደርስ ወንዙ ይቀጥናል፤ አንዳንድ ቦታ ይቋረጣል። ከታች ያለው ገበሬ ሽንኩርቱ እየጠወለገ ከላይ ያለውን ሞተር ድምፅ ይሰማል። ከብቱም ይጠማል። ሐይቁም ያንን ውሃ አያገኝም።

ስለዚህ ጸሐፊው ለሚጽፉት ቀጣይ ጽሑፍ አንድ ጥያቄ አለኝ። መጋቢት ላይ ከላይ ያለው ገበሬ ሞተሩን ስንት ሰዓት ያጥፋ? ለከብትና ለሐይቁ የሚተወው ስንት ነው? ይህን ማን ይወስን? ዋጋ ይወስን ካሉ ሞተር የሚገዛው ባለጸጋ ወንዙን ሁሉ ሲስበው ምን ሊሉ ነው?

የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። ለጉማራም ለርብም ከምንጫቸው እስከ ጣና ያሉ ገበሬዎች የሚመርጧቸው የውሃ አባቶች ይኑሩ። ሴቶችም ይመረጡ፣ ዓሣ አጥማጆችና የነገደ ወይጦ ሰዎችም ይግቡ። ሽንኩርቱ ከመተከሉ በፊት፣ ኅዳር ላይ፣ ውሃው ገና ሳያጣላ ይቀመጡ። የሰውና የከብት መጠጫ ቀድሞ ይነሣ። የቀረው በቀንና በሌሊት ተራ ይከፈል። የወረዳና የዞን ባለሙያዎች የወንዙን መጠን ለክተው ይንገሯቸው፤ መንግሥትም የወሰኑትን በሕግ ያጽናላቸው። ወደ ዱብሉቅ የሚወስድ መንገድ አለ፤ ከመጀመሪያው ስብሰባ በፊት ከተመረጡት የተወሰኑት ሄደው የአባ ሄሬጋን ሥራ አንድ በጋ ቢያዩት እወዳለሁ።